"ፈተና ላይ አይመጣም" ብዬ ያለፍኩት ጥያቄ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ አሁን ጊዜ የሌላችሁ አስቀምጡትና ማታ አንብቡት። ታሪክ ነው፤ ግን የነገሥታት ታሪክ አይደለም። የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ስለ ሴል እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ አጥንት ስዬ፣ መቅኒው ውስጥ ካለች ስቴም ሴል ቀይ የደም ሴልም ነጭ የደም ሴልም እንደሚወጣ በቀስት አሳየሁ። ሴል ሙያ የሚይዝበት ይሄ ሂደት "ዲፈረንሺዬሽን" ይባላል ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። መንትያ እህት አለቻት፤ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ እኔ ራሴ ስማቸውን ስንት ጊዜ አቀያይሬ ጠርቻለሁ።

"ቲቸር፣ የሁሉም ሴል ዲ.ኤን.ኤ አንድ ነው ተብሏል። ታዲያ ይቺኛዋ ቀይ፣ ያቺኛዋ ነጭ እንድትሆን ማን ነው የሚያዘው?"

"ሲግናል ይደርሳታል። የሚያስፈልጋት ጂን ይበራል፤ የማያስፈልጋት ይጠፋል" አልኳት።

"እሺ፣ ሲግናሉ ለሁለቱም እኩል ቢደርሳቸውስ?"

መልስ አልነበረኝም። "አላውቅም" ማለት ደግሞ ያኔ ከበደኝ። "ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም" አልኩና ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፍኩ። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን ስታወጣ ማየቴን አላስታውስም።

እኔ ዲፕሎማ ይዤ ማስተማር የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ተመራማሪ አይደለሁም። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ እያነበብኩ ሄድኩ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ይቺ ልጅ የጠየቀችው፣ ትልልቅ ሳይንቲስቶች ከ60 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩትን ነገር ነው። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ኳሷና ቁልቁለቱ

በ1957 ኮንራድ ዋዲንግተን የሚባል እንግሊዛዊ የባዮሎጂ ሊቅ "የጂኖች ስልት" ብለን ልንተረጉመው የምንችል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ውስጥ እስከ ዛሬ ተደጋግማ የምትገለበጥ አንዲት ሥዕል አለች። ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ኳስ ናት። ቁልቁለቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየተከፋፈለ ብዙ ሸለቆ ይሆናል። ኳሷ ገና ሙያ ያልያዘች ሴል ናት። እየተንከባለለች ወርዳ አንዱ ሸለቆ ውስጥ ትገባለች፤ አንዴ ከገባች ወደ ጎረቤቱ መሻገር ይከብዳታል። አንዱ ሸለቆ ደም፣ አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ነርቭ ነው እንበል። መሬቱን ከሥር ሆነው እየወጠሩ ቅርጽ የሚያስይዙት ደግሞ ጂኖች ናቸው።

ሥዕሏ ግሩም ናት። ግን መንታ መንገዱ ላይ ስትደርስ ኳሷ ለምን ወደ ቀኝ ሄደች? ለምን ወደ ግራ አልሄደችም? ሥዕሏ ይሄን አትነግረንም። የተማሪዬ ጥያቄ ያለው እዚያች መታጠፊያ ላይ ነው።

አማካይ የደበቀው ነገር

በዚያው በ1957 አሜሪካ ውስጥ፣ አሮን ኖቪክና ሚልተን ዌይነር የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ጽሑፍ አወጡ። ኖቪክ ኬሚስት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አቶሚክ ቦምብ በተሠራበት ፕሮጀክት ውስጥ ሠርቷል፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ባክቴሪያ አዞረ።

ያጠኑት ኢ.ኮላይን ነው፤ አንጀታችን ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ። ይሄ ባክቴሪያ የወተት ስኳር ሲያገኝ ያን ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም ይሠራል። ካላገኘ አይሠራም። ሁለቱ ሰዎች ስኳሩን የሚመስል ግን የማይበላ ኬሚካል በጥቂቱ ጨመሩ። ዕቃው ውስጥ ያለው ኢንዛይም ቀስ በቀስ እየጨመረ መጣ። ማንም ሰው ይሄን ቢያይ "እያንዳንዷ ባክቴሪያ ኢንዛይሟን ቀስ በቀስ እየጨመረች ነው" ይላል፤ የራዲዮ ድምፅ ቀስ እያደረግን ከፍ እንደምናደርገው።

እውነቱ ሌላ ሆነ። አንዷ ባክቴሪያ ወይ በሙሉ አቅሟ ትሠራለች፣ ወይ ምንም አትሠራም። ቀስ በቀስ የሚጨምረው "የበሩት" ባክቴሪያዎች ቁጥር ነው። ነገሩ የራዲዮ ድምፅ ሳይሆን ማብሪያ ማጥፊያ ነበር።

መምህር ነኝና በማርክ ላስረዳ። ክፍሌ ውስጥ ግማሹ ተማሪ 90፣ ግማሹ 10 ቢያመጣ አማካዩ 50 ነው። ለዳይሬክተሩ "ክፍሉ 50 አምጥቷል" ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። ነገር ግን 50 ያመጣ ልጅ አንድም የለም! ለብዙ ዘመን ሳይንቲስቶች ሴልን ሲያጠኑ የነበረው እንዲሁ ነው። ሚሊዮን ሴሎችን አንድ ላይ ፈጭተው፣ ውስጡ ያለውን ለክተው፣ "የሴሏ ባሕርይ ይሄ ነው" ይሉ ነበር። እንዲህ ያለች ሴል ግን ላትኖር ትችላለች።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይበልጣል። ኬሚካሉን ይበልጥ ሲያሳንሱት፣ ቀድመው የበሩት እንደበሩ ቀሩ፤ ልጆቻቸውም በርተው ተወለዱ። ያልበሩት እንዳልበሩ ቀሩ፤ ልጆቻቸውም እንደዚያው። ጂናቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ ነው። የለያቸው ያለፉበት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ማን ትብራ፣ ማን ትቅር የሚለውን የወሰነው ደግሞ አጋጣሚ ነበር።

እሺ፣ ይሄ ባክቴሪያ ነው። ደማችንስ?

የቶሮንቶ አይጦች

ቶሮንቶ፣ ካናዳ። ጄምስ ቲል የፊዚክስ ሰው፣ ኧርነስት ማኩሎክ ሐኪም። አይጦችን በጨረር ይመቱና መቅኒያቸውን ያጠፋሉ፤ ከዚያ ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ መቅኒ በደም ሥራቸው ይሰጧቸዋል። ዓላማቸው ጨረር ሴልን እንዴት እንደሚጎዳ ማወቅ ነበር። አንድ እሑድ ማኩሎክ ላብራቶሪ ገብቶ አይጦቹን ሲመረምር ጣፊያቸው ላይ እብጠቶች አየ። ሲቆጥራቸው፣ ብዙ መቅኒ የተሰጣት አይጥ ብዙ እብጠት፣ ትንሽ የተሰጣት ትንሽ እብጠት አላት። በግምት ከ10,000 የመቅኒ ሴል አንድ እብጠት።

ይሄ በ1961 ታተመ። በ1963 ከአንድሩ ቤከር ጋር ሆነው እያንዳንዱ እብጠት ከአንዲት ሴል ብቻ የተራባ መሆኑን አሳዩ። ከዚያች አንዲት ሴል የተለያዩ የደም ሴል ዓይነቶች ይወጣሉ። ዛሬ ስቴም ሴል፣ ስቴም ሴል ስንል የምንውለው ከዚህ ተነስተን ነው።

በ1964 ደግሞ ከሉዊስ ሲሚኖቪች ጋር ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። እያንዳንዱ እብጠት ውስጥ፣ ሌላ እብጠት መፍጠር የምትችል ስንት ሴል አለች? ሴሎቹ ትእዛዝ እንደሚጠብቅ ወታደር ቢሆኑ ኖሮ፣ ቁጥሩ ከእብጠት እብጠት ተቀራራቢ መሆን ነበረበት። አልሆነም። ብዙዎቹ ውስጥ ጥቂት ብቻ ተገኘች፤ ጥቂቶቹ ውስጥ ደግሞ በጣም ብዙ።

ቲልና ባልደረቦቹ ይሄን እንደ ዕጣ አሰሉት። ሴሏ በተከፈለች ቁጥር ወይ ስቴም ሴል ሆና ትቀጥላለች፣ ወይ ሙያ ትይዛለች። የትኛውን እንደምታደርግ አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ዕድሉን ብቻ ነው መናገር የሚቻለው። ስሌቱ ከአይጦቹ ውጤት ጋር ገጠመ።

"ሴሎች ዕጣ የሚያወጡ ከሆነ ታዲያ እንዴት ደማችን አይዛባም?" ትሉ ይሆናል። አንድ ሳንቲም ብትወረውሩ ምን እንደሚወጣ አታውቁም። ሚሊዮን ሳንቲም ብትወረውሩ ግን ግማሽ ያህሉ አንበሳ እንደሚሆን በእርግጠኝነት ትናገራላችሁ። የቶሮንቶዎቹ ሰዎች ሐሳብ ይሄ ነበር፤ ሰውነት የሚቆጣጠረው የሴሎቹን ብዛት ነው እንጂ የእያንዳንዷን ሴል እርምጃ አይደለም።

ሁሉም አልተቀበለውም። "ሴሏ ያረፈችበት ሰፈር ነው የሚወስንላት፤ ጎረቤት ነው የሚያዛት" ያሉ ነበሩ። ክርክሩ ብዙ ዓመት ቆየ።

ሁለቱ እህትማማቾች

ሰፈሩ ነው ከተባለ፣ ሰፈሩን አንድ አድርጎ ማየት ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ፣ ቻርልስተን ከተማ ውስጥ ማኪዮ ኦጋዋና ባልደረቦቹ ያደረጉት ይሄንኑ ነው። አንዲት የደም እናት ሴል ትይዛላችሁ። ለሁለት እስክትከፈል ትጠብቃላችሁ። ልክ እንደተከፈለች በማይክሮስኮፕ እያያችሁ፣ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሁለቱን እህትማማቾች ትለያላችሁ። እያንዳንዷን በየራሷ ዕቃ፣ ያው ምግብ፣ ያው ሙቀት ውስጥ ታስቀምጧታላችሁ። ከዚያ ምን እንደሚወልዱ መጠበቅ ነው።

ውጤቱን በ1984 አወጡት። ብዙዎቹ ጥንዶች ተመሳሳይ ነገር ወለዱ። ግን ጥቂት የማይባሉት ተለያዩ፤ አንዷ የወለደቻቸው የደም ሴል ዓይነቶች ሌላዋ ከወለደቻቸው ጋር አይገጥሙም። አንድ እናት፣ አንድ ዲ.ኤን.ኤ፣ አንድ ምግብ፣ አንድ ሲግናል።

"ሲግናሉ ለሁለቱም እኩል ቢደርሳቸውስ?" ይሄን ሳነብ ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ቀረሁ። ልጅቷ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ መልሱ ከታተመ ስንት ዓመቱ!

ሁለት ቀለም፣ አንዲት ሴል

እስከዚህ ድረስ የሚታየው መጨረሻው ብቻ ነው። ሴሏ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አይታይም። ያን መስኮት የከፈተው ከጄሊፊሽ የመጣ ፕሮቲን ነው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ ከአንድ የባሕር ጄሊፊሽ ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ማግኘቱን በ1962 ጻፈ። በ1994 ማርቲን ቻልፊ የዚያን ፕሮቲን ጂን ወደ ባክቴሪያና ወደ ትንሽ ትል አስገብቶ አበራው። ሮጀር ሺየን ሌሎች ቀለሞች ጨመረበት። በ2008 ሦስቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋሩ። አሁን ጂን ሲሠራ ሴሏ ሳትሞት በዓይን ማየት ተቻለ።

በ2002 ማይክል ኤሎዊትዝና ባልደረቦቹ በዚህ ብርሃን አንድ የሚገርም ሙከራ ሠሩ። አንዲት ባክቴሪያ ውስጥ ሁለት የሚያበሩ ጂኖች አስገቡ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። የሁለቱም ማብሪያ አንድ ዓይነት ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖል አለ እንበል። መብራት ኃይል ሲቀንስ ሁለቱም አብረው ይደበዝዛሉ። ያ የውጭ ችግር ነው። አንዱ ብልጭ ድርግም ሲል ሌላው ደህና ከበራ ግን ችግሩ እዚያው አምፖሉ ጋ ነው። ባክቴሪያዎቹ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ታየ። አንዳንዷ ሴል ወደ ሰማያዊ፣ አንዳንዷ ወደ ቢጫ ታደላለች፤ እዚያው አንዲት ሴል ውስጥ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ጂኖች እኩል አይሠሩም።

ለምን? ምክንያቱም ጂን ተጽፎ መቀመጡ ብቻውን ምንም አያደርግም። መነበብ አለበት፤ ወደ አር.ኤን.ኤ መገልበጥ፣ ከዚያ ፕሮቲን መሆን አለበት። ይሄ ነው "የጂን መገለጥ" የሚባለው። ሴል ውስጥ የአንድ ጂን ቅጂ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። አንባቢዎቹ ሞለኪውሎችም ጥቂት ናቸው፤ ወዲያ ወዲህ ሲባክኑ ሲገናኙ ያነባሉ፣ ሳይገናኙ ሲቀሩ የለም። ስለዚህ ጂን እንደ ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ነው፤ ይመጣል፣ ይንዠቀዠቃል፣ ይጠፋል። የዚህ ጎረቤት ባልዲው ሞልቷል፤ የዚያኛው ባዶ ነው። ሳይንቲስቶቹ ይሄን ልዩነት "ኖይዝ" አሉት፤ ጫጫታ።

ጫጫታው ሥራ አለው?

መምህር ጫጫታ አይወድም። ሳይንቲስቶችም መጀመሪያ የሚረብሽ ነገር አድርገው ነበር ያዩት። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ምናልባት ኳሷን መታጠፊያው ላይ የሚገፋት ይሄ ጫጫታ ቢሆንስ?

በ2008 ቦስተን ውስጥ ሃና ቻንግ፣ ሱዊ ሁዋንግና ባልደረቦቻቸው ከአንዲት እናት የተራቡ የአይጥ የደም ሴሎችን ወሰዱ። ሴሎቹ ሁሉም አንድ ዘር ናቸው። ላያቸው ላይ ያለውን አንድ ፕሮቲን ሲለኩ፣ በዝቅተኛዋና በከፍተኛዋ መካከል ወደ 1,000 እጥፍ ልዩነት አገኙ! ዝቅተኞቹን ለብቻ፣ ከፍተኞቹን ለብቻ አስቀመጡ። ከሳምንት በላይ ቆይተው ሲያዩዋቸው፣ ሁለቱም ቡድኖች ተመልሰው እንደ መጀመሪያው ድብልቅ ሆነዋል። ዝቅ ያለችው ከፍ ብላለች፣ ከፍ ያለችው ዝቅ ብላለች። ስለዚህ ልዩነቱ የዘር አይደለም፤ ቋሚም አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሲግናል ቢሰጣቸው፣ ዝቅተኞቹ ቀይ የደም ሴል ለመሆን ይፈጥናሉ፤ ከፍተኞቹ ወደ ነጩ ያደላሉ። ሲግናሉ አንድ ነው፤ ሲግናሉ ሲመጣ ሴሏ የቆመችበት ቦታ ግን ይለያያል።

በ2016 ደግሞ ሊዮን፣ ፈረንሳይ ውስጥ እነ ኦሊቪዬ ጋንድሪዮን የዶሮ የደም ሴሎች ወደ ቀይ የደም ሴልነት ሲለወጡ አንድ በአንድ ተከታተሉ፤ በሰዓታት ልዩነት ሴል እያወጡ፣ በእያንዳንዷ ውስጥ በርካታ ጂኖችን እየለኩ። አማካዩን ብቻ ብታዩ ለውጡ ለስላሳ ጉዞ ይመስላል። አንድ በአንድ ሲታይ ግን፣ በመጀመሪያው ቀን ሴሎቹ እርስ በርስ መለያየታቸው በጣም ይጨምራል። እያንዳንዷ በየራሷ ትረበሻለች። ከዚያ በኋላ ነው መመለሻ የሌለው ነጥብ የሚመጣው። ካለፉት በኋላ ልዩነቱ ይቀንሳል፤ ሸለቆው ውስጥ ገብተዋላ! ጫጫታው ከውሳኔው ቀድሞ ነው የመጣው።

"ቀድሞ መጣ ማለት ምክንያት ነው ማለት አይደለም" የሚል ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። ልክ ነው። እነሱም ያንኑ ጠይቀው በ2019 መልስ ፈለጉ። እዚያው የዶሮ ሴሎች ላይ ሦስት ኬሚካሎች ሞከሩ። ሁለቱ ጫጫታውን ቀነሱት፤ ሙያ የያዙት ሴሎችም አብረው ቀነሱ። ሦስተኛው ጫጫታውን ጨመረው፤ ሙያ የያዙትም ጨመሩ። ከቀነሱት ሁለቱ አንዱ ማን መሰላችሁ? አርቲሚሲኒን፤ ከወባ መድኃኒቱ ከኮአርተም ጋር የሚዛመደው። (አደራ፣ ይሄ ላብራቶሪ ውስጥ በዶሮ ሴል ላይ የተሠራ ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት እንዳትተዉ!)

ታዲያ ሁሉም ነገር ዕድል ነው?

አይደለም። ትንሿን ትል ሲ.ኤሌጋንስን እንይ። ጆን ሰልስተንና ባልደረቦቹ ከአንዲት ዕንቁላል ጀምረው እያንዳንዷ ሴል ማንን እንደወለደች ተከታትለው በ1983 ጨረሱት። ያደገችው ትል 959 የአካል ሴል አላት፤ ትል ከትል አይለይም ማለት ይቻላል። እዚያ ሥርዓት አለ፤ ዕጣ ያለ አይመስልም።

ነገር ግን በ2010 አርጁን ራጅና ባልደረቦቹ እዚያችው ትል ውስጥ አንድ ጂን የተበላሸባቸውን ሽሎች አጠኑ። ሁሉም አንድ ዓይነት ብልሽት አላቸው። ሆኖም አንዱ አንጀት ያበቅላል፣ ሌላው አያበቅልም። ለካ ጤነኛው ጂን ጫጫታውን አፍኖ ይዞት ኖሯል። እሱ ሲበላሽ ጫጫታው ወጣ፤ የእያንዳንዱ ሽል ዕጣ እዚያ ላይ ተወሰነ። አንድ ዓይነት የዘር ችግር ያለባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን እንደሚችል ያሳየናል።

ስለዚህ ከጽንስ እስከ ሞት ብዙ ቦታ ሰውነት ጫጫታውን ያፍነዋል፤ አምስት ጣት አምስት ነው፣ ልብም ቦታው ላይ ነው። አንዳንድ ቦታ ግን፣ እንደ ደማችን ባለ ቦታ፣ የሚጠቀምበት ይመስላል። ሲግናሉ ዕድሉን ያጋድለዋል፤ ዕጣዋን የምታወጣው ግን ሴሏ ናት። ምን ያህሉ ትእዛዝ፣ ምን ያህሉ ዕጣ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለአንዲት ሰው ነው። ስሟን አልጠራም። ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም፤ ይሄን ገጽ ትከታተል አትከታተል አላውቅም።

ጥያቄሽ ልክ ነበር። መልሱ ይኸውልሽ፤ ሲግናሉ ለሁለቱም እኩል ቢደርሳቸውም እኩል ሆነው አይጠብቁትም። አንዷ በዚያች ሰዓት ባልዲዋ ሞልቷል፤ የሌላዋ ጎድሏል። ነገ ሊገለባበጥ ይችላል። ሰሌዳው ላይ የሳልኩት ቀስት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የሳልኩት አማካዩን ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ አንዷ ሴል ነበር። ያን ቀን "አላውቅም፤ አንብቤ እነግርሻለሁ" ማለት ነበረብኝ። ይቅርታ።

አሁን የማስተምራቸው ልጆች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ሰሌዳው ጥግ ላይ እጽፈዋለሁ፤ መልሱን እስካገኝ አይጠፋም። አንዳንዱ ወር ሙሉ ይቆያል። የጽዳት ሠራተኛዋም ለምዳዋለች፤ ያቺን ጥግ ትታ ነው የምታጸዳው።

የተሳሳትኩት ካለ የሙያው ሰዎች አርሙኝ። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ጠይቃችሁኝ ያልመለስኩላችሁ ጥያቄ ካለ ከሥር ጻፉልኝ። ፈተና ላይ ባይመጣም።